በሥዕል መጻሕፍት የተጣሉትን ላስታርቅ ቶሮንቶ የሄድኩ ጊዜ

በግ ተራ ያላችሁ ወዳጆቼ ከተመለስኩ ወዲህ አላስቀመጣችሁኝም። አንዱ መጥቶ «ካናዳ እንዴት ነው?» ይላል፤ መልሱን ሳላጋምስ ሌላው ይደርስና «ከመጀመሪያው ጀምርልን» ይላል። ጉሮሮዬ ስለደከመ ጽፌዋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነውና ፊደል የሳትኩበት ቦታ ካለ የሚያውቅ ያቃናው። ስለ ፎቅና ስለ ትልቁ ፏፏቴ ልትሰሙ የተቀመጣችሁ ካላችሁ ግን ከወዲሁ ተነሡ። ፏፏቴውን አላየሁትም። እኔ ያየሁት መጽሐፍ ነው።

የሄድኩት ለሽምግልና ነበር። ታናሽ ወንድሜ ተስፋዬ እዚያ አገር ከገባ ብዙ ዘመኑ ነው። ሚስቱ ስንዱ ትባላለች፤ የሞላሌ ልጅ ናት፤ አነጋገሯ ቁርጥ ያለ ነው። አንድ ቀን ደወለችልኝ።

«ጋሼ በላቸው፣ እናቴ ቪዛ አገኘች» አለች።

«እልል በይ!»

«አልልም። ያለን መኝታ ክፍል ሁለት ነው። አንዱን ወንድምዎ በመጽሐፍ ሞልቶታል። እናቴ እስክትገባ ክፍሉ ካልተለቀቀ እኔ ሬክስዴል ሰፈር ቤት ተከራይቼ ከእናቴ ጋር እወጣለሁ። ስሙን ፍቺ ይበሉት፣ ሌላም ይበሉት።»

«የምን መጽሐፍ ነው?»

«ስለ ሥዕል የሚያወራ የሥዕል መጽሐፍ!»

ተስፋዬን ብጠይቀው ደግሞ እንደ ሰርግ ዜና ደስ ብሎት አስረዳኝ። ቪክቶሪያ የምትባል የእንግሊዝ ንግሥት በነበረችበት ዘመን መጽሐፍ ውስጥ የሚገባው ሥዕል እንዴት ይሳል፣ እንጨት ላይ እንዴት ይቀረጽ፣ እንዴት ይታተም እንደነበር የሚያስተምሩ አሮጌ መጻሕፍት አሉ። እሱ እነዚያን ይሰበስባል። ንግሥቲቱን እኔም አውቃታለሁ፤ ለንጉሣችን ደብዳቤ መልስ ነፍጋ ኋላ ጦር የላከችብን ናት። ወንድሜ ለእሷ አንድ ሙሉ ክፍል ሰጥቷል።

ዘመድ ተሰብስቦ መከረና «በስልክ አይሸመገልም፤ ሄደህ መሐላቸው ተቀመጥ» አለኝ። ቪዛው እንዴት እንደተገኘ አትጠይቁኝ፤ የሰጡኝም ሰዎች የሚያውቁት አይመስለኝም። ባለቤቴ የሺ ሻንጣዬን እየዘጋች «የሰው ባልና ሚስት ለማስታረቅ ውቅያኖስ ትሻገራለህ፤ ከእኔ ጋር ግን ቅዳሜ ገበያ መሄድ ያደክምሃል» አለች። ሻንጣው ላይ ተቀመጥኩላት።

እሑድ ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ወጣሁ። ረዳቱ ሻንጣዬን እያነሣ «አባባ፣ የት ነዎት?» አለኝ። «ካናዳ» አልኩት። «እሺ፣ ለገጣፎ ላይ እናወርድዎታለን» አለኝ፤ አልሳቀም። አውሮፕላኑ ውስጥ የበግ ሥጋ ነው ብለው በትንሽ ሰሐን አቀረቡልኝ። ዕድሜዬን በሙሉ በግ ስነግድ ኖሬአለሁ፤ ያንን በግ በቁሙ ባየው ኖሮ መንገድ አቋርጬ እሸሸው ነበር። በላሁት እንጂ ምን አደርጋለሁ።

ሰኞ ቶሮንቶ ደረስኩ። ጉምሩክ ላይ አንዲት ጓንት ያጠለቀች ልጅ የየሺን ቋንታ አወጣች፤ አገላበጠች፤ አሸተተች፤ በጣም በትሕትና «ሶሪ» ብላ በርሜል ውስጥ ጣለችው። ሲቀሙ ይቅርታ የሚጠይቁበት አገር መሆኑን በዚያ አወቅሁ። በርበሬው ግን አለፈ። ተስፋዬ ውጭ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ጉልበቴን ስሞ ካፖርት ደረበብኝ።

«ጋሼ፣ ብርዱ እንዳይጎዳዎት።»

«የደብረ ብርሃንን ሰው በብርድ ታስፈራራለህ?»

በሩ ተከፈተና ነፋሱ መጣ። ካፖርቱን ቆለፍኩ። የእኛ ብርድ በማለዳ መጥቶ ፀሐይ ስትወጣ የሚሰናበት እንግዳ ነው፤ የእነሱ ግን ቤተኛ ሆኖ ተቀምጧል።

የሚኖሩት ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር ነው። ፎቅ ላይ ፎቅ፣ ሰው ላይ ሰው ነው። በአሳንሰሩ ስንወጣ ውስጥ ያሉትን ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ» አልኳቸው። ሁሉም ስልኩን አየ። አንዲት ሻሽ ያሰረች አሮጊት ብቻ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ራሷን ዝቅ አደረገችልኝ። «የጎን ጎረቤታችን ናት፣ ከአፍጋኒስታን» አለኝ ተስፋዬ። ፊቷን በልቤ ያዝኩት፤ እናንተም ያዙልኝ።

ቤት እንደገባን የተከሰሰውን ክፍል አሳየኝ። አስቀድሜ እጄን እንድታጠብ አደረገኝ። ታጠብኩ። «ያድርቁት» አለኝ። አደረቅሁ። ከዚያ እሱ ነጭ ጓንት አጠለቀ፣ መብራቱን ለዘብ አድርጎ አበራና እንደ መቅደስ ቀስ ብሎ ገባ። መጋረጃው ዝግ ነው፤ ፀሐይ ወረቀቱን ታጠወልገዋለች። ጥግ ላይ አንድ መኪና ያጓራል፤ የአየሩን እርጥበት የሚጠጣ ነው አለኝ። መጻሕፍቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ቆመዋል፤ ቀይ ቆዳ፣ አረንጓዴ ጨርቅ፣ ጠርዛቸው በወርቅ ቅብ። በብርድ አይቀዘቅዙ፣ በሙቀት አይልባቸው። እኔስ የት ተኛሁ? ሳሎን፣ ሶፋ ላይ፣ እግሬ ከጫፉ ወጥቶ።

ማክሰኞ ሽምግልናውን ልጀምር ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። የሚሸመገል ሰው ግን ጠፋ። ስንዱ የአዛውንቶች መጦሪያ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ጎሕ ሳይቀድ ትወጣለች። ተስፋዬ ሬክስዴል ማዶ፣ ኤርፖርት አጠገብ መጋዘን ይሠራል፤ እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል። የሚገናኙት አሳንሰር በር ላይ ነው። አገራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ አብረው ውለው፣ አብረው አምሽተው፣ ጎረቤት እያዳመጠ ነው። እነዚህ ለመጣላት እንኳ ጊዜ የላቸውም፤ ጠባቸውን በስልክ ጽፈው ይላላካሉ።

«ስንዱ፣ መቼ እንቀመጥ?» አልኳት ማታ ስትገባ።

ስልኳን አየች። «ጋሼ፣ ሐሙስ ዴይ ኦፍ ነኝ። እሱን ሺፍት ቀይር ይበሉት።»

«እናትሽ መቼ ትገባለች?»

«በሚቀጥለው ሳምንት።»

ብቻዬን መሸምገል ደግሞ ወግ አይደለምና ሁለተኛ ሽማግሌ ፈለግን። ክሬሰንት ታውን የሚኖር አቶ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው ተገኘ፤ ታክሲ ነጂ ነው። ሐሙስ ዕለት በቪዲዮ ኮል ተደርጎለት ገባ። ስልኩ ፍሩት ማስቀመጫው ላይ ተደገፈ፤ አቶ ሰይድ ከሙዝና ከብርቱካን መሐል ሆኖ ይሸመግላል፤ ይነዳልም።

«ተስፋዬ ወንድሜ፣ የሚስትህ እናት እናትህ ናት» ይላል። ወዲያው ደግሞ «ሌፍት ነው ራይት ያልሽው እመቤት?» ይላል ለተሳፋሪው።

ስንዱ እጆቿን አጣምራ ተናገረች። «ጋሼ፣ እኔ የሰው እናት ሳጥብ፣ የሰው እናት ሳጎርስ ነው የምውለው። የራሴ እናት ስትመጣ ማስተኛ የለኝም። መጽሐፉ ግን አልጋ አለው።»

ተስፋዬ አቀረቀረ። «እሸጣቸዋለሁ» አለ። «ቅዳሜ ዳውንታውን የአሮጌ መጽሐፍ ገበያ አለ። ጥሩ ገዢ ካገኘሁ ሙሉ ኮሌክሽኑን ሴል አደርገዋለሁ።»

አቶ ሰይድ ከሙዙ መሐል «አልሐምዱሊላህ!» አለ። ሽምግልና እንዲህ ቀላል ነው እንዴ ብዬ ተገረምኩ። የዋህ ነበርኩ።

ቅዳሜ አቶ ሰይድ በታክሲው ወሰደን፤ ሒሳብ ንሳ ብንለው ሊያወርደን ደረሰ። ተስፋዬ የሚሸጠውን ጎማ ባለው አንድ ሻንጣ ይዟል። ከሁሉ የሚበልጠውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ታቅፎታል። እኔ መሐላ የማይከብደኝ ሰው ነኝና እምላለሁ፤ ያንን አዳራሽ ሳይ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። በግ ተራ ነው። አንዱ ክራባቱን በቢራቢሮ ያሰረ ሽማግሌ መጽሐፍ አነሣ፤ ጀርባውን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፤ አፉን ጥቂት ከፈት አድርጎ አየ፤ አሸተተ፤ እንዳልፈለገ ሆኖ መለሰው። ዞር ብሎ ደግሞ በዐይኑ ጥግ ያያል። ልዩነቱ የእኛ በግ መጨረሻ ላይ መበላቱ ነው።

«ተስፋዬ፣ የሚያነብ አላየሁም።»

«ጋሼ፣ ሲያነቡት ይጎዳል።»

አንድ ጥግ ላይ ሥዕሎች አንድ በአንድ በላስቲክ ተሸፍነው ተደርድረዋል። ከየት መጡ ብዬ ብጠይቀው ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሰው ኃጢአት እንደሚናገር ሰው ነገረኝ። ነጋዴዎቹ አሮጌውን መጽሐፍ በታትነው፣ ሥዕሎቹን ከሥራቸው ቆርጠው፣ ለየብቻ ይሸጧቸዋል። ወይ ቅርጫ! መደቡ ጎድን፣ ሽንጥ፣ ታፋ ሆኖ ታየኝ። አቶ ሰይድ አንዱን አንሥቶ «ቆዳውንስ ማን ወሰደው?» አለ።

ኋላ አንዲት መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ቀጭን ሴት መጣች። ነጋዴ ናት። ተስፋዬ ብርድ ልብሱን ፈታ። ሴትዮዋ መጽሐፉን በጎን አየችው፤ በጣቷ ጫፍ ነካችው፤ ፊቷ ቀላ። በእንግሊዝኛቸው ብዙ ተንሾካሾኩ።

«ምን አለች?»

«ለዚህ አንድ መጽሐፍ ስትል ሁሉንም ትወስዳለች። ማክሰኞ ቤት ድረስ ትመጣለች።»

«ምኑ ነው እንዲህ የጣማት?»

«ንጽሕናው። ማንም አልነካውም።»

ደስ አለኝ። ደስታዬ ወደ ታክሲው እስክንመለስ ቆየ። ከዚያ ሻንጣ ቆጠርኩ። በአንድ ሻንጣ የመጣው ሰው በሁለት ሊመለስ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጋሼ፣ እነዚህ ዳግመኛ አይገኙም።»

አቶ ሰይድ ሞተሩን አስነሣና «እኔ ማጨስ ልተው ስል የመጨረሻ ብዬ እሽግ ሙሉ ገዝቼ ነበር» አለ።

እሑድ ስንዱ ከአምልኮ ስትመለስ አዲሱን ሻንጣ ኮሪደር ላይ አገኘችው። አልጮኸችም። ጫማዋን አውልቃ አጠገቡ አስቀመጠችና «ጋሼ፣ ሽምግልናዎ ተዋለደ» አለችኝ። ተስፋዬ «ማክሰኞ ሴትዮዋ ሁሉንም ትወስዳለች አልኩሽ!» ይላል። እሷ «ማክሰኞ ሌላ ሻንጣ ታመጣለህ» ትላለች። ነገሩ ከእጄ ሲወጣ አየሁ። ስለዚህ አባቶቻችን የሚያደርጉትን አደረግሁ። ተነሣሁ፤ ጋቢዬን አመሳቀልኩ።

«ስሙኝ። ያ ክፍል ካልተለቀቀ በዚህ ቤት እህል አልቀምስም!»

«ጋሼ፣ ስኳር አለብዎት እኮ» አለች ስንዱ።

«ስኳሬም አብሮኝ ይሸምግል!»

አገራችን ይህ ቃል ሲነገር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ቤቱ ይሸበራል፤ ሴቶቹ እግር ላይ ይወድቃሉ፤ የታረደው በግ ቀርቦ እንፋሎቱ እየወጣ አንተ ፊትህን ታዞራለህ። እምቢ ማለት ክብሩ በዚያ ነው።

ሰኞ ነቃሁ። ቤቱ ባዶ ነው። ሁለቱም ሥራ ሄደዋል። ማቀዝቀዣውን ብከፍት ስንዱ በየዕቃው ላይ ወረቀት ለጥፋለች፤ «የጋሼ ቁርስ»፣ «የጋሼ ምሳ»፣ «የጋሼ መክሰስ»። ፊት ለፊቱ ቆሜ «አልበላም!» አልኩ። ማቀዝቀዣው ጓ-ጓ አለና ዝም አለ። እንደገና፣ ትንሽ ጠንከር አድርጌ «አልቀምስም ብያለሁ!» አልኩ። ማን ይለምነኝ? ለእምቢታ ለማኝ ያስፈልገዋል። ያለ ለማኝ እምቢታ ራብ ብቻ ነው።

ድምፄ በግድግዳው አልፎ እንደሆነ አላውቅም፤ በሩ ተንኳኳ። የአፍጋኒስታኗ አሮጊት ናት። ካሮትና ዘቢብ የተነሰነሰበት ሩዝ፣ ከሥሩ የበግ ሥጋ ያለበት፣ በሰማያዊ ሰሐን ይዛለች። ወደ አፌ አመለከተች። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እምቢ አልኩ። እሷም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰሐኑን አስጠጋችው። እንደገና እምቢ አልኩ፤ እንደገና አስጠጋችው። ለምና፣ ለምና፣ አሸነፈችኝ። እንዴት ያለች ጨዋ ሴት ናት! በዚያ አገር እንደ ወጉ የለመነችኝ እሷ ብቻ ናት። እኔ የማልኩት ደግሞ በዚህ ቤት እህል ነው፤ የጎረቤት ሩዝ የዚህ ቤት እህል አይደለም። ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ያ በግ፣ እውነቱን ልናገር፣ የተመረጠ በግ ነበር።

ጠግቤ ስቀመጥ የነገው ገበያ አሳሰበኝ። ያ የሴትዮዋን ፊት ያቀላው መጽሐፍ ምን ይመስል ይሆን አልኩ። እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፤ አደረቅሁ። ክፍሉ ገብቼ ብርድ ልብሱን ፈታሁ። ሽፋኑ መልካም ነው። ልገልጠው ብል ገጾቹ አይከፈቱም። ጫፍ ለጫፍ ተጣብቀዋል። አንዱን እንደ ኪስ ከፈት አድርጌ ባጮልቅ ውስጡ ሥዕል አለ፤ ግን ማን ያየዋል? ደነገጥኩ። ወንድሜ የማይከፈት መጽሐፍ ሊሸጥ ነው! ሴትዮዋ ነገ መጥታ ጉድለቱን ብታይ ምን ትላለች? እኔ አንካሳ በግ ደህና ነው ብዬ ሸጬ አላውቅም። የአባታችን ስም ባሕር ማዶ እንዳይነሣ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ፤ የሽንኩርት ቢላዋውን አጥቤ ጠረግሁት፤ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ገጾቹን አንድ በአንድ እከፍት ጀመር። ሸርተት፣ ሸርተት ይላል። ሥራው ደስ ይላል። ዛፎች ወጡ፤ ቀሚሳቸው ወለል የሚጠርግ ሴቶች ወጡ፤ ባርኔጣ ያደረገ አህያ ወጣ። ከግማሽ እንዳለፍኩ በሩ ተከፈተ። ተስፋዬ ነው፤ ለነገው ሊዘጋጅ ፈቃድ ጠይቆ ቀደም ብሎ መምጣቱ ነው።

ቢላዋውን አየ። መጽሐፉን አየ።

«አትንካው! ምን አደረግህ! ምን አደረግህ አንተ!»

ታናሼ ነው። አዝዬ ያሳደግሁት ነው። «አንተ» ብሎኝ አያውቅም። መጽሐፉን ከእጄ ነጥቆ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዋጋው ባለመከፈቱ ነበር፤ በዚያ ዘመን ወረቀቱ እንደታጠፈ ይጠረዝና ገጹን የሚቆርጠው የገዛው ሰው ነበር፤ ይህን ግን ከታተመ ጀምሮ ማንም ሳይቆርጠው እስከ እኔ ደርሷል። ይህን የሰማሁት አሁን ነው፤ በጩኸት።

«ማንም አላነበበውም ማለት ነው?» አልኩት።

«ማንም!»

«አንተስ?»

አቀርቅሮ የተቆረጠውን ጠርዝ ይዳብስ ጀመር።

ስንዱ ገባች። እሱ መሬት፣ እኔ ወንበር ላይ፣ ቢላዋው ጠረጴዛ ላይ። ሰምታ ስትጨርስ ስለ መጽሐፉ አንድ ቃል አልጠየቀችም።

«ጋሼ ላይ ጮህክ?» አለችው።

«ስንዱ፣ እስቲ እይው...»

«ለሽምግልና በመጣ ታላቅ ወንድምህ ላይ ጮህክ?» ከዚያ ሮጣ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ቁርሱ፣ ምሳው፣ መክሰሱ እንዳለ ነው። እንባዋ መጣ። «ወይኔ! ሳይበሉ ዋሉ! ባለስኳር ሰው በራብ ልንገድል ነው!» የስኳር መለኪያዋን አምጥታ ጣቴን ወጋች። ተስፋዬም መጽሐፉን ጥሎ ተነሣ፤ እጄን ያዘ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ስንዱ መለኪያውን አየች። ራቅ አድርጋ አየች። እኔን አየች።

«ጋሼ፣ ይሄ የራበው ሰው ስኳር አይደለም።»

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቲቱ ናት። ሰማያዊ ሰሐኗን ፈልጋ መጥታለች። ባዶውን ሰሐን አይታ ወደ እኔ አመለከተች፤ ሆዷን መታ መታ አድርጋ በአውራ ጣቷ «ጥሩ ነበር?» አለችኝ። እኔም ምን ልበል፣ አውራ ጣቴን አነሣሁ።

መጀመሪያ የሳቀችው ስንዱ ናት። ግድግዳውን ይዛ ሳቀች። ተስፋዬ ሊኮሳተር ሞከረ፤ አልሆነለትም። አሮጊቷም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ ሳቀች። ባልና ሚስቱ ሲሳሳቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ የሳቁትም በእኔ ነው። ይሁን።

ሲበርድለት ተስፋዬ መጥቶ ጉልበቴን ያዘ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። እኔም ዕቃህን አጥፍቻለሁ፤ አንተም ይቅር በለኝ። ግን ሽማግሌ ላይ ለጮኸ ካሳ አለ።»

«የፈለጉትን ይበሉ።»

«ክፍሉን።»

ስንዱ ወለሉን አየች። ተስፋዬ ቀስ ብሎ «እሺ» አለ። «ግን ጋሼ፣ ሴትዮዋ ይህን አይታ ጥላን ብትሄድስ? በየት አወጣቸዋለሁ?»

መጽሐፉን ከወለሉ አነሣሁና ከተከፈተ አይቀር እንየው አልኩ። ሦስታችንም ጎን ለጎን ሶፋው ላይ ተቀመጥን። አንድ ሥዕል ላይ አንድ ጎባጣ ሰው ከፊቱ ድቡልቡል ብርሌ አስቀምጦ እንጨት ይቀርጻል። «ይህ ጠጁን ሳይጨርስ ሥራ ጀምሯል» አልኩ። ተስፋዬ ከሥሩ ያለውን አነበበ፤ አቀርቅሮ ብዙ አነበበ። ብርሌው የያዘው ውኃ ነው። የመብራቱን ብርሃን ሰብስቦ እንጨቱ ላይ እንዲጥል ነው። «ይህን አላውቅም ነበር» አለ። ያን ሁሉ ዘመን ጓንት አጥልቆ!

ማክሰኞ ስንዱ ሺፍቷን ቀይራ ቤት ዋለች። አቶ ሰይድም ከፍሩቱ ወጥቶ በአካል መጣ። ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ ብርድ ልብሱን ፈታች። የተቦጫጨቀውን ጠርዝ አየች። ዐይኗን ጨፍና ከፈተች።

«በምን ነው የተቆረጠው ትላለች» አለኝ ተስፋዬ።

«በሽንኩርት ቢላዋ በላት።»

ነገራት። አሸተተችው። ከዚያ አንድ በአንድ መደርደሪያውን ስትፈትሽ ዋለች። በመጨረሻ የተናገረችውን ስሰማው ቋንቋው ሳይገባኝ ገባኝ፤ በአንዱ አንካሳ ምክንያት የመንጋውን ሁሉ ዋጋ የሚጥል ነጋዴ ድምፁ አንድ ነው። የተቆረጠውን አትፈልገውም፤ ሥዕላቸው ቀድሞ የጎደለባቸውንም አትፈልግም፤ የቀሩትን ርካሽ በሆነ ዋጋ ትወስዳለች። እነሱ ሥዕል ቆርጠው ሲሸጡ ነጋዴ ናቸው፤ እኔ ሥዕል እንዲታይ ስቆርጥ አጥፊ ነኝ! አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አቶ ሰይድ ጋቢዬን ጎተተኝ።

ተስፋዬ አልተከራከረም። ሚስቱን አየ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ እሺ አለ።

ካርቶን መጣ፤ ተሞላ፤ ወጣ። መጋረጃው ሲከፈት ክፍሉ መስኮት እንዳለው አየን። አየር ጠጪው መኪና ጠፋ። የመጨረሻው ካርቶን በር ላይ ሲደርስ ስንዱ አስቆመችው፤ እጇን ከታ ትንሽ ቀይ መጽሐፍ አወጣችና ባሏ እጅ ላይ አስቀመጠች።

«እናቴ አንድ ጎን ብቻ ነው የምትተኛው። አንድ መደርደሪያ ይቅርልህ።»

እጇን ስትታጠብ አላየሁም። እሱም «አድርቂው» አላላትም።

እናቷ ገብታ አልጋው ላይ ስትቀመጥ አይቼ ተሰናበትኩ። ተስፋዬ የተቆረጠውን መጽሐፍና ሴትዮዋ የናቀቻቸውን ሰብስቦ ሻንጣዬን ሞላው። «ጋሼ፣ እነዚህ እዚህ ከቆዩ ሌሎች መጻሕፍት ይጠራሉ» አለኝ። ቦሌ ላይ ፈታሹ ሻንጣውን ከፍቶ «አባት፣ ይህ ሁሉ ምንድን ነው? የሚሸጥ ነው?» አለኝ። «ልጄ፣ ገዢ እንኳ አጥቶ ነው የመጣው» አልኩት። አሳለፈኝ።

አሁን ያለሁት ቤቴ ነው። መጻሕፍቱን የየሺ እህት ለበዓል ስትመጣ የምታርፍበት ክፍል ውስጥ ደርድሬአቸዋለሁ። ለጊዜው ነው ብያታለሁ። ወጣ ገባ እያልኩ ባለብርሌውን ሰውዬና ባርኔጣ ያደረገውን አህያ አያለሁ። ተስፋዬ ሲነጥቀኝ ሳልደርስባቸው የቀሩት የኋላ ገጾች እስካሁን እንደተጣበቁ ናቸው። አንዳንድ ጊዜ እንደ ኪስ ከፈት አድርጌ አጮልቃለሁ፤ መልሼ እተወዋለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ባለፈው ረቡዕ ከውጭ ስገባ የሺ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ የሽንኩርት ቢላዋ ይዛለች። «ዐይንህ ሳይደክም ልክፈትልህ ብዬ ነው» አለችኝ። ሰፈር የሰማው ጩኸት የእኔ ነው።

ሽማግሌዎች እሑድ ይመጣሉ። ከበግ ተራ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ይህን የምታነቡት ራሳችሁ ማለት ነው። ካሳው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ቶሮንቶ ላይ የፈረድኩት እኔው ነኝ። እህል አንቀምስም እንደምትሉም አውቃለሁ። የሺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቤት ናት፤ ስትለምናችሁ ትውላለች። በጉን ገዝቻለሁ። እጃችሁን ግን ታጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ግቡ።